ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የአኩሪ አተር ወተትና የጠዋቷ ኪኒን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ49 ዓመት ሴት ነኝ። ከሰባት ወር በፊት ደሜን ስመረመር ኮሌስትሮሌ ከፍ ብሎ ስለተገኘ አመጋገቤን እንዳስተካክል ተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ የላም ወተት ትቼ ጠዋት ከአልጋ እንደተነሳሁ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት እጠጣለሁ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀንም ሥጋውን በቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት በሚረጋው አይብ መሰል ምግብ) ተክቼዋለሁ። አንዳንዱ «ለልብ ፍቱን ነው» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ «የሴት ሆርሞን አለበት» ብሎ አይነካውም። ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ታክማ ስለዳነች እኔም ፈራ ተባ እላለሁ። ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ለእንቅርት ዕጢዬ ጠዋት ጠዋት የምወስዳት ኪኒን ብቻ ናት፤ እሷም በቅርቡ ከ75 ወደ 100 ማይክሮግራም ከፍ ተደርጋልኛለች። አኩሪ አተሩን ልቀጥል ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። የሚጠጡበት ሰዓት ግን አሳስቦኛል። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነብ ያስቆመኝ ኮሌስትሮሉም ካንሰሩም ሳይሆን «ኪኒን ብቻ» ብለው ያለፏት ነገር ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ።

ደረቅ የአኩሪ አተር ፍሬ በ100 ግራም ውስጥ 36 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሰውነታችን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች አሉ። ብዙዎቹ ጥራጥሬዎች ከእነዚህ አንዱ ወይም ሌላው ያንሳቸዋል፤ አኩሪ አተር ግን ዘጠኙንም በበቂ መጠን ይዟል። ስለዚህ ሥጋውን በቶፉ ሲተኩ በፕሮቲን በኩል የሚጎድልብዎት የለም። ቅባትም አለው፤ አብዛኛው ግን እንደ ቅቤ የሚረጋ ሳይሆን ለደም ሥር የሚስማማው ዓይነት ነው። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የለውም፤ ሥጋም እንቁላልም ወተትም ጨርሶ የተወ ሰው ይህን ማሰብ ይኖርበታል። እርስዎን ግን አይመለከትም።

«ለልብ ፍቱን» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1995 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት ደምሮ የወጣ አንድ ትንታኔ፣ የአኩሪ አተር ፕሮቲን መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤልን፣ ወደ 13 በመቶ ይቀንሳል አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም በ1999 «በቀን 25 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ ይችላል» የሚል ጽሑፍ በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲሰፍር ፈቀደ። ኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ቁጥሩን ወደ 3 እና 4 በመቶ አወረዱት፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በ2017 ፈቃዱን ለማንሳት ሐሳብ አቀረበ። ይህ በእርስዎ ወረቀት ላይ ምን ማለት ነው? ኤልዲኤልዎ 150 ከነበረ ወደ 145 ዝቅ ይላል ማለት ነው። መጥፎ አይደለም፤ ፍቱን ግን አይባልም።

እኔ ትልቁን ጥቅም የማየው አኩሪ አተሩ ከገበታዎ ላይ በሚያስነሳው ነገር ነው። 100 ግራም ጮማ ያለበት የተፈጨ ሥጋ 7 እና 8 ግራም የሚረጋ ቅባት ሲኖረው፣ ያንኑ ያህል ጠንካራ ቶፉ ያለው ከ2 ግራም በታች ነው። ልዩነቱ በሳምንት ሦስቴ፣ ለወራት ሲጠራቀም በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ይነካል። ሥጋውን እንደ ድሮው እየበሉ ቶፉ ቢጨምሩበት ወይም ቶፉውን ዘይት ውስጥ ነክረው ቢጠብሱት ግን ምርመራው ላይ ለውጥ አይጠብቁ። እርስዎ ተክተዋል፤ ያደረጉት ትክክለኛውን ነው።

ወደ ባለቤትዎ ስጋት ልምጣ። «የሴት ሆርሞን» የተባለው አይሶፍላቮን የሚባል የዕፅዋት ንጥረ ነገር ነው። ቅርጹ ኢስትሮጅንን፣ ማለትም ዋናውን የሴት ሆርሞን፣ ስለሚመስል ኢስትሮጅን በሚገባበት ቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። ነገር ግን ቀዳዳው ሁለት ዓይነት ነው፤ አይሶፍላቮን የሚቀናው በጡትና በማሕፀን ላይ እድገትን በሚያፋጥነው ሳይሆን በሌላኛው ነው፤ እዚያም ቢሆን ቁልፉን የሚያዞረው በደካማው ነው። በወንዶች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች በ2010 እና እንደገና በ2021 ተደምረው ሲታዩ፣ አኩሪ አተር ቴስቶስትሮን በሚባለው የወንድ ሆርሞን ላይ ያመጣው ለውጥ አልተገኘም። ወሬውን ያራገበው በ2008 የተዘገበ የአንድ የ60 ዓመት ሰው ታሪክ ይመስለኛል፤ ጡታቸው አብጦ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ፤ ሲጠየቁ በቀን ሦስት ሊትር የሚጠጋ የአኩሪ አተር ወተት ይጠጡ ነበር። ሲያቆሙ ሻላቸው። ባለቤትዎ በቀን ሦስት ሊትር ለመጠጣት ካላሰቡ በቀር በአንድ ብርጭቆ የሚመጣባቸው ነገር የለም።

የእህትዎ ነገር በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ፍርሃቱ በአብዛኛው የመጣው ተነጥሎ የወጣ አይሶፍላቮን ከተሰጣቸው የላቦራቶሪ አይጦች ነው፤ አይጥ ደግሞ ይህን ንጥረ ነገር የሚፈጨው እንደ ሰው አይደለም። በሰው ላይ የታየው ሌላ ነው። በቻይና ሻንጋይ የጡት ካንሰር የታከሙ 5,042 ሴቶችን የተከታተለ፣ በ2009 የታተመ ጥናት፣ የአኩሪ አተር ምግብ አዘውትረው የበሉት ላይ በሽታው የተመለሰባቸውም የሞቱትም ያነሱ ሆነው አግኝቷል። ታሞክሲፌን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት የሚወስዱትም አልተጎዱም። ጥናቱ ተከታትሎ ያየ እንጂ ሴቶቹን በዕጣ ከፍሎ ያበላ ስላልሆነ «አኩሪ አተር ካንሰር ያድናል» አያሰኝም፤ «አትንኩ» የሚያሰኝ ግን ጨርሶ አይደለም። ይህን የምለው ስለ ምግቡ ነው። አይሶፍላቮን ተጨምቆ የታሸገበትን እንክብልና ዱቄት በቤተሰብዎ ታሪክ ላይ አልመክርዎትም። ይልቅ የእህትዎ ሕመም የሚጠይቅዎ ሌላ ነገር አለ፤ የጡት ራጅ ምርመራ በየስንት ጊዜው እንደሚያስፈልግዎ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረዋል? በደብዳቤዎ ላይ አላየሁትም።

ስለሚገዙት ወተት ጥቂት ልበል። በተፈጥሮው ካልሲየሙ ከላም ወተት በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ ካልሲየም የተጨመረበትን፣ ስኳር ያልገባበትን ይምረጡ። የተጨመረው ካልሲየም ዱቄት ስለሆነ ከካርቶኑ ሥር ይዘቅጣል፤ ሳይነቀንቁ ከቀዱ የሚጠጡት ላይ ላዩን ነው። ቤት የሚያዘጋጁት ከሆነ ደግሞ ፍሬውን አሳድረው የዘፈዘፉበትን ውኃ ይድፉት፤ ሆድ የሚነፋው ነገር በከፊል አብሮ ይሄዳል። ድስቱ ላይ ሲጣድ ገና በደንብ ሳይፈላ አረፋው ይገነፍላል፤ ብዙ ሰው ፈላ ብሎ ያወርደዋል። አልፈላም። ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር ስላለው፣ እሳቱን ቀንሰው አረፋው ከሰከነ በኋላም ጥሩ ጊዜ ይስጡት። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጨዋማ ማጣፈጫ፣ ሶያ ሶስ፣ ግን ከዚህ ሁሉ ጥቅም ውስጥ አይቆጠርም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው 900 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ ሙሉ የሚመክረው ከ2,000 እንዳይበልጥ ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቤት ውስጥ ካለም ይህ ወተት የእናት ጡት ወይም የሕፃናት ወተት ምትክ አይሆንም።

አሁን ወደ ኪኒኗ። ሌቮታይሮክሲን ትባላለች፤ ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት በጣም መራጭ ናት። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድማ መወሰድ አለባት። አኩሪ አተር ወደ ደም እንዳትገባ ይይዛታል፤ ካልሲየምም እንዲሁ። እርስዎ የሚጠጡት ካልሲየም የተጨመረበት ከሆነ ሁለቱም በአንድ ብርጭቆ ተገናኝተዋል። ዕጢውን ራሱን አኩሪ አተር አልጎዳውም፤ አዮዲን በበቂ የሚያገኝ ሰው ላይ ይህ አይታይም። ችግሩ የመንገድ መዘጋት ነው።

እንግዲህ ቀኖቹን ያገናኙ። ወተቱን ከጀመሩ ሰባት ወር፤ ኪኒኗ ከፍ የተደረገችው «በቅርቡ»። ምናልባት ዕጢዎ ይበልጥ ደክሞ ይሆናል፤ ምናልባት ግን 75ቱ ይበቃዎት ነበር፣ ከፊሉ ከወተቱ ጋር እየወጣ እንጂ። በደም ምርመራው ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ ስለ ብርጭቆው ያልሰማ ሐኪም መጠኑን ቢጨምር አይፈረድበትም።

ስለዚህ ይህን እንዳነበቡ ነገ ጠዋት ወተቱን ብቻ ገፍተው ዝም እንዳይሉ። መንገዱ ሲከፈት 100ው በሙሉ ይገባና ሊበዛብዎት ይችላል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በ49 ዓመት ይህ ሲመጣ ሁሉም ሰው «የማረጥ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መጀመሪያ ኪኒኗን ላዘዙልዎ ሐኪም ይንገሩ፤ መጠኑን እርሳቸው ይወስኑ፣ በራስዎ አይቀንሱ አይጨምሩ። ወተቱን ከዚያ በኋላ ከኪኒኗ ቢያንስ አራት ሰዓት ያርቁት፤ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ይመቻል። ሰዓቱን በለወጡ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ የእንቅርት ዕጢው ሥራ የሚለካበት የቲኤስኤች የደም ምርመራ ይደገም፤ ኮሌስትሮሉንም በዚያው ደም ያሠሩት፤ ዕጢው ሲደክም ኮሌስትሮልም ከፍ ይላልና።