«ከእናት ነው የሚወረሰው» ተባልኩ

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጃችን መራመድ ጀምሮ ነበር፤ ትኩሳት ከያዘው በኋላ ግን ተወው። ኤምአርአይ ተነሥቶ «ሌይ ሲንድሮም ነው፤ ማይቶኮንድሪያ የተባለው የሕዋስ ኃይል አመንጪ ክፍል ሲበላሽ አንጎልን የሚጎዳ በሽታ ነው» ተባልን። የማይቶኮንድሪያ በሽታ ከእናት ይወረሳል ስለሚባል ዘመድ ሁሉ እኔን ያየኛል። በደሙ ላይ የተደረገው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ምርመራ ግን ምንም አላሳየም። በሽታው ከየት መጣ? ሌላ ልጅ ብንወልድስ?
የተጨነቀች እናት

መልስ፦ እርስዎ ያደረጉት ወይም ያጎደሉት ነገር ይህን በሽታ አላመጣም። ዘመዶችዎ የሰሙትም ግማሹን ብቻ ነው። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፤ 37 ጂኖች ይዟል፣ ፕሮቲን የሚሠሩት ደግሞ 13ቱ ብቻ ናቸው። ከእናት የሚወረሰው ይህ ነው። ማይቶኮንድሪያ የሚያስፈልጉት ሌሎች ከ1,000 በላይ ፕሮቲኖች ግን የሚሠሩት በሕዋሱ ኒውክለስ ባሉ ጂኖች ነው፤ እነሱን ልጅ ከአባትም ከእናትም ይወርሳል። በልጅነት የሚጀምሩት የማይቶኮንድሪያ በሽታዎች በአብዛኛው የሚመነጩት ከእነዚህ ነው። ሌይ ሲንድሮምን ብቻ ከ75 በላይ የተለያዩ ጂኖች ያመጡታል፤ ሰርፍ-1 የተባለው አንዱ ነው። ሁለቱም ወላጆች አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው ፍጹም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልጁ የሚታመመው ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች ሲወርስ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ የልጁን፣ የእርስዎንና የአባቱን ደም አንድ ላይ ሰጥቶ የኤክሶም ምርመራ (ፕሮቲን የሚሠሩትን የጂን ክፍሎች ሁሉ የሚያነብ ምርመራ) ማስደረግ ነው። የልጁ ብቻ ከተመረመረ የተገኙት ሁለት ለውጦች አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት መምጣታቸውን ማረጋገጥ ያስቸግራል። የደሙ ምርመራ ንጹሕ መሆኑም የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ አንዳንድ የማይቶኮንድሪያ ለውጦች በደም ውስጥ ከዕድሜ ጋር እየቀነሱ ስለሚሄዱ ሽንት ወይም ጡንቻ መመርመር ያስፈልጋል።

ውጤቱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የሚከተለው ግን እስከዚያ አይቆይም። ኤስኤልሲ19ኤ3 በተባለው ጂን ብልሽት የሚመጣው በሽታ በኤምአርአይ ሌይን ይመስላል፣ በትኩሳትም ይቀሰቀሳል፤ ነገር ግን በባዮቲንና በታያሚን ይታከማል። ሕክምናው ሲዘገይ የአንጎል ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ቫይታሚኖች ዛሬውኑ ይጀመሩለት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላና ከተለመደው የቫይታሚን መጠን እጅግ ስለሚበልጥ በራስዎ አይስጡት።

የሚጥል በሽታ ከጀመረው ሐኪሙ ቫልፕሮኤት ከማዘዙ በፊት ምርመራው ገና እንዳላለቀ ያስታውሱት። ፖልጂ የተባለው ጂን የተበላሸበት ልጅ ይህን መድኃኒት ከወሰደ ጉበቱ ሥራ አቁሞ ሊሞት ይችላል። ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ምግብ እምቢ ማለት ሲኖር ደግሞ ጾሙን አይቆይ፤ ቶሎ ሆስፒታል ገብቶ ግሉኮስ በደም ሥር ሊሰጠው ይገባል። ላክቴት (ማይቶኮንድሪያ በደንብ ሳይሠራ ሲቀር በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) ሲለካ ክንዱ ታስሮ እየታገለና እያለቀሰ ደሙ ከተቀዳ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ላክቴቱ ልክ መሆኑም በሽታውን ውድቅ አያደርግም።

ስለ ሌላ ልጅ፦ ከሁለታችሁም የተወረሰ የኒውክለስ ጂን ከሆነ በእያንዳንዱ እርግዝና የመድገም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ለውጡ በእርግጠኝነት ከታወቀ ከ10ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት ከእንግዴ ልጁ ናሙና ተወስዶ ጽንሱን መመርመር ይቻላል። ውጤቱ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ከሆነ ግን በእሱ ላይ ተመሥርቶ ስለ ጽንስ መወሰን አይገባም፤ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ላቦራቶሪው እንደገና እንዲያየው ይጠይቁ። ከተቻለ ምርመራው ከማርገዝዎ በፊት ይለቅ።