ሽፈራው ወደ ሻንጣ ከመግባቱ በፊት

ከሐዋሳ ወደ ውጭ የሚመለስ ሰው ሻንጣው በርበሬ፣ ሽሮና ቡና አያጣም። አሁን አሁን ደግሞ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድና ተልባ ተጨምረዋል። «ለልብ ጥሩ ነው፣ ግፊት ያወርዳል» እየተባለ ነው። እኔ በሰው አገር ፋርማሲ ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርቼ ነው ወደ ሐዋሳ የተመለስኩት። ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም።

ቅጠሉን አልንቅም። ሽፈራው ለኮንሶና ለጋሞ ሰው ከመድኃኒትነቱ በፊት ምግብ ነው። ኮንሶዎች ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር አብስለው ይበሉታል። ነጭ ሽንኩርት፣ ከርከዴና ተልባም ግፊት ያለበትን ሰው በመጠኑ እንደሚያግዙ በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። «በመጠኑ» ማለቴን ልብ በሉልኝ። ግፊቱ 180 የደረሰ ሰው ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በማር ስለዋጠ ብቻ ወደ 120 አይወርድለትም።

«ክኒኑም እኮ ከቅጠል ነው የመጣው» የሚሉኝ አሉ። የአንዳንዱ እውነት ነው። ለአንዳንድ የልብ ሕመሞች የሚታዘዘው ዲጎክሲን የተገኘው ዲጂታሊስ ከሚባል ተክል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ስለዚህ ቅጠል እ.ኤ.አ. በ1785 መጽሐፍ አሳትሟል። ነገር ግን በሚያድነው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ ነው። ዛሬ ተለክቶ በክኒን የሚሰጠው ለዚህ ነው። ከገበያ በእፍኝ የተዘገነ ዱቄት ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለ ግን ሻጩም ገዢውም አያውቅም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ነው። በአገራችን በልጅነት የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ቀርቶ የልባቸው ቫልቭ የተጎዳ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። የሽፈራው ቅጠል ቫይታሚን ኬ አለው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ሰውየው ድንገት በየቀኑ ሽፈራው መጠጣት ቢጀምር ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በብዛት ሲወሰዱ ደግሞ በተቃራኒው መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉ። ወጥ ውስጥ የሚገባውን ማለቴ አይደለም፤ እንደ መድኃኒት እየተባለ የሚወሰደውን ነው። ደም እንዳይረጋ አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የምትወስዱም ይህ ይመለከታችኋል። ቀዶ ጥገና ከተቀጠረላችሁም የምትወስዱትን ሁሉ ቀደም ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

እዚያው በምትኖሩበት አገር ሱቅ ውስጥም የሚያሳስብ ነገር አለ። ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር ያለበት ሻይ ሲበዛ ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። ለድብርት የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል ተክል የዋርፋሪንንም የዲጎክሲንንም ኃይል ይቀንሳል። ሐኪማችሁ ሽፈራውን በስሙ ላያውቀው ስለሚችል «ሞሪንጋ» በሉት። ጥቁር አዝሙድንም «ኒጌላ» በሉት። ማሸጊያውን ይዛችሁ ብትሄዱማ የበለጠ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ልምጣ። እናቶቻችን በስልክ «ደህና ነኝ ልጄ» ነው የሚሉት። ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ደህና ነኝ ያለችውም እውነቷን ነው። ራስ ምታቱ ሲጠፋ የግፊት ክኒኗን አምሎዲፒንን ትተዋለች፣ ጎረቤት ያመጣላትን ቅጠል ትቀጥላለች። «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብላችሁ ብቻ አትለፏት። «ስንት ቀረሽ? ቁጠሪልኝ እስቲ» በሏት። ሌላ ቪታሚን ከምትልኩ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ላኩ። ከቤት አንዱ ልጅ ቁጥሩን ደብተር ላይ እየጻፈ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ቅጠሉን አትከልክሏት፤ የምትወደውን ስትከለክሏት ደብቃ ትወስዳለች። ክኒኑን እንዳታቋርጥ፣ ቅጠሉንም ለሐኪሟ እንድትነግር ለምኗት።

ጨው ከቅጠሉ ሁሉ የበለጠ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ቅቤም እንዲሁ። ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ የበዓል ምግብ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ቅቤ የሚዋኝበት ቡርሳሜ እየበሉ ሽፈራው ቢጠጡ ልብ አይጠቀምም።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ደውላችሁ ለቤተሰብ ንገሩ። ደረት አጥብቆ ሲያም፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ፊት ሲጣመም ወይም አንድ እጅ አልታዘዝ ሲል «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ እየተጨመቀ ሰዓት መባከን የለበትም። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ የሁሉም ስልክ ላይ መመዝገቡን ጠይቁ።