ወንድሜ የጫረው ሲዲ

ይድረስ ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፤

ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎ። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው መስከረም ወደ ላንጋኖ ሲሄድ፣ ሳያስፈቅደኝ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተሰኘ አልበም ሲዲ ከመደርደሪያዬ አንሥቶ ይዞት ሄደ። ያለ ማኅደሩ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በመኪናው ኪስ ውስጥ ሰንብቶ ሲመለስልኝ፣ የሚያብረቀርቀው ጀርባው ድመት የቧጠጠችው ይመስል ነበር። «ባለ ዋሽንቱ» እና «ጉራማይሌ» ደኅና ይጫወታሉ፤ «አድዋ» ላይ ሲደርስ ግን ድምፅዋ ይንተባተብና እዚያው ይቆማል። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ጠዋት ቡና እያፈላሁ የምከፍተው ይህንኑ ዘፈን መሆኑን ወንድሜ አሳምሮ ያውቃል።

ስነግረው ይቅርታ እንኳ ሳይለኝ «በስልክሽ ላይ አለልሽ አይደል፤ ለአንድ ሲዲ እንዲህ ይኮናል?» አለኝ። ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ አላናገርኩትም፤ እናታችን ልታስታርቀን ብትደክምም እሺ አላልኳትም። በስልኬም ሞክሬዋለሁ፤ ማስታወቂያ ይገባበታል፣ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ደግሞ ያልጠራሁት ዘፋኝ ይከተላል። አልበምን ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥ ለለመደ ሰው ይህ እንዴት እንደሚያንገበግብ እርስዎ ይረዱኛል። የሰው ዕቃ ሳይጠይቁ ማንሣት በቤታችን ያልነበረ ነገር ነው።

ሲዲው በ1994 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የተዋስኩት ነው። አጎቷ ከአሜሪካ ልኮላት፣ ማታ ማታ አንዱን ማዳመጫ እሷ፣ ሌላውን እኔ ጆሮ ላይ አድርገን፣ ግጥሙን በቃላችን እስክንወጣው ድረስ ሰምተነዋል። በማኅደሩ ወረቀት ላይ ስሟን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፋበታለች። ዲቪ ደርሷት ልትሄድ ስትል መልሽልኝ ብትለኝ ጠፋብኝ ብያት ነበር፤ የልጅነት ነገር ነው። አሁን ለጥምቀት ትመጣለች፤ የምታርፈውም እኔ ቤት ነው። ሲዲውን ከመደርደሪያው ላንሣው ወይስ እንደ ቀልድ አድርጌ ልንገራት? ወንድሜንስ በምን መንገድ ባስተምረው ይሻላል?

የተበደልኩት፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እኅቴ፤

በአልበሙ ነገር ካንቺ ጋር ነኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ እንደጨረስኩ የራሴን ሲዲ አውጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። በ2001 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እኔም እንደ ብዙ ሰው ያወራሁት ስለ እንግዶቹ ነበር፤ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል እነ ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮአ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ታላላቆችን በአንድ አልበም ላይ ማሰባሰቡ አስደንቆኝ ነበር። ዛሬ ስሰማው ግን ትልቁ ነገር እነዚያ ሰዎች ለአንዲት የቻግኒ ልጅ ድምፅ ቦታ መልቀቃቸው ሆኖ አገኘሁት። ከቄስ ዜማ የተማረ ጉሮሮ ያንን ሁሉ መሣሪያ ሳይሽቀዳደም፣ ረጋ ብሎ ሲመራው ይሰማል። ይህ ሥራ ተቆራርጦ የሚሰማ አይደለም በሚለው አቋሜ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ነገር ግን ከወንድምሽ ጭረት ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ «ጠፋብኝ ብያት ነበር» የሚለው፣ በአንድ መስመር ያለፍሽው ቃል ነው። የልጅነት ነገር አይደለም፤ ልጅነት ቢሆን ኖሮ ሥራ ስትይዢና ቤት ስትመሠርቺ ደውለሽ ትነግሪያት ነበር። ወንድምሽ ሳይጠይቅ ወሰደ፤ ተጭሮም ቢሆን ግን መለሰ። አንቺ ጠይቀሽ ወሰድሽና አስቀረሽው። «የሰው ዕቃ» ብለሽ የጻፍሽው በእርግጥም የሰው ዕቃ ስለሆነ ነው፤ እጅሽ ከልብሽ ቀድሞ እውነቱን ጽፎታል።

ቁጣሽ የመጣበትን ቦታ ግን የማየው ይመስለኛል። ሲዲው ደኅና እስካለ ድረስ አንድ ቀን እንደ ነበረ እመልስላታለሁ የሚል ተስፋ ነበረሽ፤ ለራስሽም በአደራ የያዝሽው ያህል ይሰማሽ ነበር። ወንድምሽ ሲጭረው ያ ተስፋ አብሮ ተጫረ። ስለዚህ የሦስት ወር ኩርፊያውን እሱ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። የምታስተምሪው ነገር የለም፤ ዛሬውኑ ደውዪለትና የሲዲውን ታሪክ አንድም ሳትደብቂ ንገሪው። ያኔ ይቅርታውን ሳትጠይቂው ይሰጥሻል ብዬ አምናለሁ፤ ባይሰጥሽም እናትሽ ታርፋለች።

ለጓደኛሽ እንደ ቀልድ አድርገሽ አትንገሪያት። ቤትሽ እስክትገባም አትጠብቂ። እንግዳ ሆና፣ እንጀራሽን ቆርሳ፣ አልጋሽ ላይ አድራ ልትቆጣሽ አትችልም፤ ፈገግ ብላ ታልፈውና ቅያሜውን ይዛው ትሄዳለች። ገና አሜሪካ ሳለች፣ መቆጣትም መዝጋትም በምትችልበት ሰዓት፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅሽ ንገሪያት፤ ከፈለገች ሌላ ማረፊያ ለመፈለግ ጊዜ ይኑራት።

ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ ቀጥ አድርገሽ ጥረጊው፤ እያዞርሽ አትጥረጊው፤ ክቡን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት የባሰ ይጎዳዋልና። ጭረቱ ከላይ፣ ጽሑፉ ባለበት በኩል ካልሆነ ሊድን ይችላል። ባይድንም ስሟ ካለበት ወረቀት ጋር በማኅደሩ አድርገሽ ስጫት። ካንቺ ጋር ልትሰማው ከወደደች ክፈቺውና «አድዋ» ላይ ሲንተባተብ አጥፊው፤ የቀረውን ሁለታችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ።