«አዳሉ» ያልከው ማንን ነው?

ጥያቄ፦ አቦ መምህር፣ የምጽፍልህ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ የሱቅ ቦታ ድልድል ሲነሳ ስለ ኃላፊው «ለራሳቸው ሰው አዳሉ» አልኩ። አንዱ ብድግ ብሎ «ዘረኛ አትሁን!» አለኝ። ሌላው «ዘረኛስ ኃላፊው ነው» ብሎ ደገፈኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነው፤ ዘር የነጭና የጥቁር ጉዳይ ስለሆነ ትክክለኛው አማርኛ «ጎሰኛ» ነው ይላል። ማን ነው ልክ? ባለሥልጣን መቃወምስ ዘረኝነት ይባላል እንዴ?

መልስ፦ «አንተ» ብለህ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ሐረር ተቀምጬ ከድሬ «እርስዎ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰኝ ጸሐፊው አዲስ አበባ ከርሞ የመጣ ነው ብዬ እጠረጥር ነበር። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም የጠባችሁ ግማሽ ያለው እዚሁ ላይ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ከጎረቤትህ ጋር ልጨርስ። ዘር ማለት የቆዳ ቀለም ነው፣ እኛ አገር የሚያጣላን ብሔርና ጎሳ እንጂ ዘር አይደለም የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። ማስረጃቸውም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ነው፤ ዘርን፣ ብሔርንና ቀለምን ለየብቻ ዘርዝሯል ይላሉ። ልክ ነው፣ ዘርዝሯል። ታዲያ ዘር ማለት ቀለም ከሆነ አንቀጹ «ቀለም» የሚለውን ለምን ደገመው? ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ ስምምነትም የዘር መድልዎን ሲተረጉም ቀለምን፣ ትውልድንና የብሔር ወይም የጎሳ ምንጭን ባንድነት ያስገባል። ስለዚህ በሕጉ በኩል የሚመጡ ከሆነ ሕጉም አያዋጣቸው።

ቋንቋው ደግሞ ጨርሶ ከእነሱ ጋር አይደለም። ግእዙ ዘርአ፣ ዘርእ ነው፤ መሬት ላይ የሚበተነው ፍሬ። ዓረብኛው «ዘርዕ»፣ ዕብራይስጡም «ዜራዕ» ሲሉ በዐይኑ ዐ ነው፤ የግእዝ መጻሕፍት ግን በአልፉ አ ይጽፉታል። እኔ ብቻዬን ብቀርም በዐይኑ መጻፍ ነበረበት እላለሁ፤ መጻሕፍቱ ካልተስማሙ አይስማሙ። ከፍሬው ወደ ሰው ልጅ ትውልድ የተሻገረው ገና ጥንት ነው። በቅኔ ቤት ሰዋስውም ሳቢ ዘር፣ ጥሬ ዘር፣ ባዕድ ዘር እያልን ከግስ የሚወለደውን ስም ሁሉ ዘር ስንል ኖረናል። አማርኛ «ዘር ማንዘሩን ሰደበው» ሲል ከአያት ቅድመ አያት በላይ አይሄድም። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውም ስለ ቤተሰብ ነው፤ እንኳን ስለ ነጭና ጥቁር፣ ስለ ጎረቤት አገር ሰውም አያወራም። ኦሮምኛው «ሰኚ» እንዲሁ እህልም ትውልድም ነው። ሶማሊኛው ግን በሌላ መንገድ ሄዶ «ቀብያላድ» ይላል፤ ከዓረብኛው «ቀቢላ» የመጣ ነው። እንግዲህ ያንተ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው በአማርኛ «ዘረኛ» ብሎ ሲጮህ አንዱ በልቡ የሰማው ሰኚን ነው፣ ሌላው ቀብያላድን።

ታዲያ ቀለሙ ከየት መጣ? ከሬዲዮ ይመስለኛል። የእኔ ዕድሜ ሰው «ዘረኛ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ የሰማው ከደቡብ አፍሪካው የአፓርታይድ አገዛዝ ጋር ተቆራኝቶ ነው። ከ1983 በኋላ ቃሉ ወደ አገር ቤት ሲገባ ያንን ክብደት እንደ ተሸከመ ገባ። ጎረቤትህ የከበደው ይህ ከሆነ እረዳዋለሁ።

«ጎሰኛ» የሚለውን ግን አልወደውም። ምክንያቴ ከቋንቋ ይልቅ ከአካባቢው የመጣ ነው። ኦሮምኛው «ጎሳ» ወገንም ዓይነትም ማለት ነው፣ ስድብነት የለውም። በእኛ አካባቢ ጎሳ ሽማግሌ ያለው፣ ጉማ (የደም ካሳ) የሚከፍልና የሚያስከፍል፣ ደም የሚያደርቅ ተቋም ነው። የሶማሌ ኢሳዎች ያልተጻፈ ሕግ፣ ሔር ኢሳ፣ በኅዳር 2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያንን የመሰለ ነገር ያቆመን ስም ወስዶ ለሱቅ ቦታ ቀማኛ መስጠት አይዋጥልኝም። ጋዜጣው ሁሉ «ጎሰኝነት» ይላል፣ ተማሪዎቼም ይሉታል፣ ከእንግዲህ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰውም ሊዘለው አይችልም። እሺ፤ ይግባ። ከእኔ ብዕር ግን አይወጣም።

አሁን ወደ ዋናው። የ«ዘረኛ» ችግር «ዘር» ላይ ሳይሆን «-ኛ» ላይ ነው። ይህች ምዕላድ አመልን ትናገራለች። አንድ ቀን የቀለደ ቀልደኛ፣ አንዴ ፈረስ ላይ የወጣ ፈረሰኛ አይባልም። ነገረኛ፣ ቅናተኛ፣ ጉልበተኛ ስንል ነገሩ የሰውየው ጠባይ ሆኗል ማለታችን ነው። ከዚያም በላይ «ዘረኛ ነው» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምንም አይጎድለውም፣ ምንም አይጠየቅበትም። «አዳላ» ግን እንዲህ በነጻ አያስኬድህም። ለማን? በምን? መቼ? ብሎ ይይዝሃል። ግሱ ራሱ ማስረጃ ይጠይቃል።

ምንጩም ደስ ይላል። ግእዙ ደለወ መዘነ፣ ተገባ ነው፤ ድልው የተገባው፣ የተዘጋጀ፤ መዳልው ሚዛን። አድለወ ማለት እንግዲህ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን እንዲደፋ አደረገ ማለት ነው፤ አድልዎም ከዚያ። «ድሎት»ንም ከዚሁ ቤት የሚያስገቡ አሉ፣ እኔም አልቃወምም፤ ሚዛን ያጋደለለት ሰው ድሎት ላይ መሆኑ አይቀርምና። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በያዕቆብ መልእክት «ለሰው ፊት በማድላት» ሲል የሚያወግዘው ድርጊትን ነው። «መድልዎ» እና «አድልዎ» ለባለሥልጣን የተሰፉ ቃላት ናቸው፤ ሚዛን የሚይዘው እሱ ነዋ።

ስለዚህ ግስ መምረጥህ ልክ ነበር። የሳትከው መጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው፦ አዳሉ። አማርኛ ለአክብሮት ነጠላና ለብዙ ቁጥር አንድ ዓይነት ግስ ነው የሚሰጠው። «ኃላፊው መጡ» አንድ ሰው ነው፣ «ሰዎቹ መጡ» ብዙ ነው፣ «መጡ» ያው «መጡ» ነው። «ራሳቸው»ም እንዲሁ የእሳቸውም የእነሱም ይሆናል። ልዩነቱን የሚያወጣው ተውላጠ ስሙ ነበር፤ አንተ ደግሞ ዋጥከው። ሸዋ ውስጥ ይህ ብዙም አያጣላ ይሆናል፤ አድማጩ ኃላፊን በአክብሮት መጥራትን ስለሚጠብቅ «አዳሉ» ሲባል እሳቸውን ይረዳል። ድሬ ግን ሚኒስትሩንም ሊስትሮውንም «አንተ» የምትል ከተማ ናት። ከከዚራ እስከ መጋላ «አዳሉ» ሲባል መጀመሪያ የሚሰማው «እነሱ» ነው። አንተ ስብሰባ ነው ብለህ ኃላፊውን አከበርክ፤ ሰውየው ግን ሕዝቡን በሙሉ የከሰስክ መሰለው። «ዘረኛ» ያለህ ከዚያ ተነስቶ ይመስለኛል። «እሳቸው» ብትል ወይም በድሬ ወግ «ኃላፊው አዳላ» ብትል ምናልባት ቁጭ ይል ነበር።

ምናልባት ነው የምለው፤ እያወቀ የሚያጣምምም አይጠፋም። «እሱ» ስትል «እነሱ» ብሎ ተርጉሞ፣ የአንድን ኃላፊ ጥፋት በብሔሩ ላይ አልብሶ የሚከራከር ሰው አለ። ሰዋስው ለእሱ መድኃኒት የለውም።

ባለሥልጣን መቃወም ዘረኝነት ነወይ ላልከው፣ ተቃወመ ከቆመ የመጣ ነው፤ ፊት ለፊት መቆም። የሚቃወምም የሚቃወሙትም ሁለቱም እኩል የቆሙ ናቸው። በድሬ ይህ ጥያቄ ሲነሳ 40-40-20 አብሮ መምጣቱ አይቀርም፤ ሥልጣኑ ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለቀረው ሁሉ 20 የሚደለደልበት ቀመር። ይቅር የሚለውም ይቆይ የሚለውም የፖለቲካ ሐሳብ ነው የያዘው፤ አንዱ ሌላውን «ዘረኛ» ሲለው ስለ ቀመሩ መነጋገሩ ያበቃል። በቀመሩ መሠረት የተሾመ ኃላፊም በመሾሙ ብቻ «ዘረኛ» አይባልም። ከተሾመ በኋላ በሠራው ግን ይጠየቃል።

የደገፈህ ሰውዬም ቸኩሏል። በእጃችሁ ያለው አንድ ድልድል ነው፤ አንድ ድልድል «አዳላ» ያሰኝ እንደሆነ እንጂ «-ኛ» ለመቀጠል አይበቃም። ያለፉትን ድልድሎች የስም ዝርዝር ጠይቁ። አካሄዱ በሁሉም አንድ ሆኖ ከተገኘ «ዘረኛ» በሉት፤ እኔም እላለሁ።