ባንክ ካልሆነ

ሰሞኑን የመውጫ ፈተናዋን አልፋ ሥራ የምትፈልግ አንዲት የሂሳብ አያያዝ ተመራቂ፣ «ጋሼ፣ ባንክ ካልሆነ አልቀጠርም ብዬ ብጠብቅ ክፋት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ለእናንተ ለእኩዮቿም ልጻፍ።

እኛ የተመረቅነው ምደባ በቀረበት ዘመን ነው። በደርግ ጊዜ ተመራቂ መንግሥት ወደ መደበው መሥሪያ ቤት ይሄድ ነበር፤ እኛ ግን ዲፕሎማችንን ይዘን ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆምን። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ የሚፈቅድ አዋጅ ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ ተቋቋመ፣ ዳሽንና አቢሲኒያ ተከተሉ። ከረባት አስሮ ከመስተዋት ጀርባ መቀመጥ የሁላችንም ምኞት ሆነ።

የክፍላችን ጎበዝ የቅርብ ጓደኛዬ ነበር። እኩል መሆን ያለባቸው የመዝገቡ ሁለት ጎኖች፣ ዴቢትና ክሬዲቱ፣ አልገጥም ብለውን እኛ ስንጨነቅ፣ እርሱ ልዩነቱን ብቻ አይቶ «ለዘጠኝ ይካፈላል፤ ሁለት አሃዝ አቀያይራችሁ ጽፋችኋል» ይለን ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁለት ንብረት መዝጋቢዎች ሲፈልግ አብረን ተወዳደርን። እርሱ አንደኛ ወጣ፣ እኔ ተከተልኩ። ደብዳቤውን አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ብርድ ልብስ ለመቁጠር አልተማርኩም» አለኝ። ብቻዬን ሄድኩ።

የደብረ ብርሃን ብርድ አይጣል ነው፤ ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። መጋዘኑ ውስጥ ጣቴ ደንዝዞ እስክሪብቶ አልይዝ ይለኝ ነበር። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22፣ ከዚያ ካርዱ ላይ ማወራረድ። አንድ ቀን በካርዱ ላይ የተጻፈው ብዛት መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር አልገጥም አለኝ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ አብረውኝ መሬት ተቀምጠው ደረሰኞቹን በተራ ቁጥራቸው ሲደረድሩ አመሹ። አንዲት ሞዴል 22 ሳትመዘገብ ከሌላ ሰነድ ጋር ተጣብቃ ተገኘች። «ወረቀቱን ብቻ አትመን፣ ዕቃውንም ብቻ አትመን» አሉኝ። ኋላ በኦዲተርነት የኖርኩት በዚህ ትምህርት ነው።

ጓደኛዬ አዲስ አበባ ቀረ። ባንኮች ማስታወቂያ ባወጡ ቁጥር ያመለክታል፤ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የምትለው መስመር ትመልሰዋለች። እየቆየ የተማረውም ራቀውና ሂሳብን እርግፍ አድርጎ ተወ። ዛሬ በንግድ ተደላድሎ ይኖራል፤ ለኑሮው አላዝንም። የሚቆጨኝ ያ ጭንቅላት ነው። አገራችን እንደ እርሱ ያለ ኦዲተር አጥታለች።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ትቸኩላላችሁ፤ የእኩዮቻችሁን ሹመት በየቀኑ በስልካችሁ እያያችሁ ባትቸኩሉ ነበር የሚገርመኝ። ምኞታችሁን አሳንሱ አልላችሁም። ጓደኛዬ ባንክ መመኘቱ ልክ ነበር፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ለእርሱ ይገባ ነበር። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የምትፈልጉትን የሥራ መደብ ማስታወቂያ ፈልጉና «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን መስመር ደጋግማችሁ አንብቡ። ከዚያ ዛሬ ከተከፈቱት ሥራዎች ውስጥ ያንን ችሎታ የሚያስተምራችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የመደቡ ስም ባያምርም፣ ከተማው ቢርቅም፣ እዚያ አመልክቱ። ማመልከቻ ስለ መጻፍ አልነግራችሁም፤ ያንን ከእኔ ትበልጣላችሁ።

ከታች ጀምሩ ስላልኩ ግን ማንም አይበዝብዛችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ የሙከራ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። «ለጊዜው እየለመድክ ቆይ» ብሎ ያለ ውል ወራት የሚያሠራ ቤት ካጋጠማችሁ ውጡ። ስትለቁም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሳትቀበሉ አትሂዱ፤ ሕጉ ያለ ክፍያ እንዲሰጣችሁ ያዛል። ወረቀቱ ላይ «ሠራተኛ ነበር» ብቻ ብለው ከጻፉላችሁ መልሱና በትክክል የሠራችሁት ሥራ እንዲጻፍ ጠይቁ።