የአንባብያን ጥያቄ፦ ጌም ሲከፈት የሚጠፋው ኮምፒውተር

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የመጡት ኮምፒውተራቸውን ራሳቸው ከገጣጠሙ አንባብያን ነው። ሁሉም «ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ነው የሚጨርሱት። ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ግራፊክስ ካርድ ብዙ ጊዜ የሌላውን ዕዳ ይከፍላል፤ ከመፍረድ በፊት አወዳደቁን መመርመር ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ጌም ከከፈትኩ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ስክሪኑ ድንገት ይጠቁራል፤ የካርዱ ፋኖች በሙሉ ኃይል ይጮኻሉ፤ የጌሙ ድምፅ ግን ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል። አጥፍቼ ካላበራሁት አይመለስም። ሙቀቱ ከ72 ዲግሪ አያልፍም። ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትነውን ፕሮግራም ፈርማርክን ግማሽ ሰዓት አስኬጄው ምንም አልሆነም። ፓወር ሰፕላዩ 650 ዋት ነው። ካርዱ ሁለት ባለ 8 ፒን መሰኪያ አለው፤ ሁለቱንም ጫፉ ለሁለት በተከፈለ አንድ ኬብል ነው ያገናኘሁት።

መልስ፦ ፍንጩ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ላይ ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፁ ከቀጠለ ኮምፒውተሩ አልሞተም፤ የተቆራረጠው ከካርዱ ጋር ነው። ያን ጊዜ ፋኖቹን የሚያዝዝ ስለማይኖር ብዙ ካርዶች ለጥንቃቄ ፋናቸውን እስከ መጨረሻው ይለቁታል። ይህ ምልክት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኃይል አቅርቦቱ ነው።

ስሌቱን እንሥራው። ካርዱ ከተሰካበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት፣ ከእያንዳንዱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ደግሞ እስከ 150 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። በአንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ውስጥ 12 ቮልት የሚያመጡት ሽቦዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱም መሰኪያዎች ከአንድ ኬብል ሲመገቡ 300 ዋት፣ ማለትም 25 አምፔር፣ በእነዚያው ሦስት ሽቦዎች ያልፋል፤ ለእያንዳንዱ ሽቦ ከ8 አምፔር በላይ ይደርሰዋል። በሁለት ኬብሎች ቢከፈል ግማሹ ነው። ሽቦና ፒን ሲጫንባቸው ይሞቃሉ፤ ካርዱ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅም ይወርዳል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን አጥፍተው የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉና ለሁለተኛው መሰኪያ የራሱን ኬብል ከፓወር ሰፕላዩ ያምጡለት። ኬብሉ ከዚያው ፓወር ሰፕላይ ጋር አብሮ የመጣ ይሁን። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል ልክክ ብሎ ቢገባም አይጠቀሙበት። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ ደረጃ ወጥቶለታል፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም በአንዱ አምራች ውስጥ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። 12 ቮልቱ ወዳልተገባው ፒን ከሄደ ካርዱ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

ፈርማርክን ማለፉ ለምን አላረጋገጠልዎትም? ፈርማርክ ካርዱን የኃይል ጣሪያው ላይ አድርሶ እዚያው ያቆመዋል፤ ካርዱም ፍጥነቱን ቀንሶ አንድ ዓይነት ፍጆታ ይዞ ይቀመጣል። ጌም እንዲህ አይደለም። ትዕይንቱ በተለዋወጠ ቁጥር ፍጆታው ከሰከንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተጻፈው ዋት በላይ ይዘልልና ይመለሳል። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 መስፈርት ፓወር ሰፕላዮች የተጻፈላቸውን ዋት እጥፍ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲችሉ የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀደም ያሉት ግን በዝላዩ ጊዜ ራሳቸውን ሊያጠፉ ይችላሉ። ያን ጊዜ አወዳደቁ ከእርስዎ ይለያል፤ ገመዱ የተነቀለ ይመስል ሁሉም ነገር በአንዴ ድርግም ይላል። በኢቨንት ቪውወር (በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ምክንያቱን አይነግርዎትም።

ኬብሉን ለይተው ችግሩ ከቀጠለ በአፍተርበርነር (የካርዱን ኃይልና ፍጥነት በሚያስተካክለው ፕሮግራም) የኃይል ጣሪያውን ወደ 70 በመቶ ያውርዱ፤ የጌሙንም ፍሬም በሰከንድ 60 ላይ ይገድቡት። እንዲህ ሆኖ ለሰዓታት ከሠራ ጥርጣሬው ከኃይል አይወጣም፤ ቀጣዩ እርምጃ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ መሞከር ነው። 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 መካከል መቆየት አለበት። ሶፍትዌር የሚያሳየውን ንባብ ግን አይመኑት። መልቲሜትርም ቢሆን የቆየ መውረድን እንጂ ቅጽበታዊውን ዝላይ አያይም።

ካርዱንም ነቅለው መልሰው ይሰኩት፤ የማስገቢያው መቆለፊያ «ቀጭ» ማለት አለበት። ከባድ ካርድ ወደ ታች ሲያዘነብል ግንኙነቱ ይላላልና ከሥሩ ድጋፍ ያድርጉለት። አዲሱን ባለ 16 ፒን መሰኪያ ለምትጠቀሙ ደግሞ፦ ክፍተት እስከማይታይ ድረስ ግፉት፤ ከመሰኪያው ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሳይርቅም ኬብሉን አታጥፉት።

ጥያቄ፦ የእኔ አይጠፋም። ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ወደ ዴስክቶፕ ይመልሰኛል። አንዳንዴ ዊንዶውስ የማሳያ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ እንደተመለሰ ይነግረኛል፤ አንዱ ጌም ደግሞ የቪዲዮ ሚሞሪ አልቋል ይላል፤ ካርዱ ግን 12 ጊጋባይት አለው። ድራይቨሩን ሦስት ጊዜ ጭኛለሁ። ራሙ ዲዲአር5፣ 32 ጊጋባይት ሲሆን ኤክስኤምፒ አብርቼበታለሁ። ፕሮሰሰሩ 13ኛ ትውልድ ኮር አይ9 ነው።

መልስ፦ ዊንዶውስ ካርዱን በነባሪ 2 ሰከንድ ይጠብቀዋል። እስከዚያ ካልመለሰ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ራሱ እንደገና ያስነሳዋል፤ በኢቨንት ቪውወር 4101 ሆኖ የሚመዘገበው ይህ ነው። በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የውስጥ መቼቶች ማከማቻ) ገብታችሁ ጊዜውን አርዝሙት የሚለው ምክር በሰፊው ይሰጣል፤ ረጅም ስሌት ለሚሠሩ ይጠቅም ይሆናል፤ ለጌም ግን በሽታውን መሸፈን ነው።

ድራይቨሩን በላዩ ላይ ደጋግሞ መጫን አሮጌውን ፋይል ላያጸዳው ይችላል። አንድ ጊዜ በደንብ ይሥሩትና ይተዉት፦ አዲሱን ድራይቨር አስቀድመው ያውርዱ፤ ዊንዶውስ በመሃል የራሱን እንዳይጭን ኢንተርኔቱን ይንቀሉ፤ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብተው ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በተባለው ፕሮግራም ያጽዱ፤ ከዚያ ሪስታርት አድርገው ይጫኑ። ከዚህ በኋላ ካልቀረ ድራይቨሩን ይርሱት።

ቀጥሎ ኤክስኤምፒን ከባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ከሚከፈተው የማዘርቦርዱ መቼት) ያጥፉ። ኤክስኤምፒ ራም ከመደበኛው በላይ ማስሮጥ ነው፤ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት በእርስዎ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ላይ ለመጽናቱ ዋስትና የለም። ጌሙ ከጸና የራሙን ፍጥነት፣ ለምሳሌ 6000 ከነበረ ወደ 5600፣ አውርደው እንደገና ይሞክሩ። ራም የሚመረምረውን ፕሮግራም ሚምቴስት86ን አራት ዙር ያስኬዱ። አንዲት ስህተት ብትገኝም «ትንሽ ናት» ተብላ አትታለፍም።

በእርስዎ ጉዳይ ግን እኛ ይበልጥ የምንጠረጥረው ፕሮሰሰሩን ነው። በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ከሚገባው በላይ የሆነ ቮልቴጅ ቺፑን ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ ኢንቴል በ2024 አሳውቋል። የተጎዳው ፕሮሰሰር ጌሙ ሼደሮችን (ካርዱ ምስሉን የሚሠራባቸውን ትናንሽ ፕሮግራሞች) ሲፈታ ይሳሳታል፤ ጌሙም ስህተቱን የቪዲዮ ሚሞሪ እጥረት አድርጎ ያወጣዋል። ካርድ ለውጠው ያው መልእክት የተመለሰባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ማስተካከያው ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) 0ኤክስ129 በነሐሴ አካባቢ፣ 0ኤክስ12ቢ ደግሞ በመስከረም 2024 ወጥቷል፤ ሁለቱም የሚገቡት ባዮስን በማደስ ነው። እድሳቱ ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ከእድሳቱ በኋላ የዋና ኮሮቹን ጣሪያ በባዮስ 200 ሜጋኸርዝ ያህል ዝቅ ያድርጉ። መልእክቱ በዚህ ከጠፋ ፕሮሰሰሩ ተጎድቷል፤ ኢንቴል ለእነዚህ ሞዴሎች ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟልና ያስቀይሩት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ ወደ ካርዱ ይመለሱ። ፍጥነቱን በአፍተርበርነር ከ50 እስከ 100 ሜጋኸርዝ ይቀንሱለት። በዚያ ከጸና ካርዱ ፋብሪካው የሰጠውን ፍጥነት እንኳ መሸከም አቅቶታል ማለት ነው፤ ቀንሰው ከሚኖሩበት ዋስትናው ሳያልፍ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካርድ ገዛሁ። ሙቀቱ 68 ዲግሪ ነው፤ ሆኖም ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ይንቀራፈፍና ይወድቃል።

መልስ፦ 68ቱ የቺፑ አጠቃላይ ንባብ ነው። የሙቀት ንባቦችን በሚያሳየው ፕሮግራም በኤችደብሊው ኢንፎ ሌሎቹን ሁለት ይመልከቱ፦ ሆት ስፖት (የቺፑ እጅግ የሞቀው ነጥብ) እና የሚሞሪው ሙቀት። ሆት ስፖቱ ከአጠቃላዩ በ30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከራቀ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ፔስት ደርቋል፤ አለዚያም ማቀዝቀዣው እኩል አልተጫነም። ጂዲዲአር6ኤክስ ሚሞሪ ያላቸው ካርዶች 110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። መንቀራፈፉ ይህ ሊሆን ይችላል። ከመፍታትዎ በፊት የኬዙን የጎን ክዳን ከፍተው ይሞክሩ፤ በዚያ ከተሻለው ጥፋቱ የአየር ዝውውር ነው። ከፈቱት ግን የሚሞሪው ፓድ (ሙቀት አስተላላፊው ለስላሳ ንጣፍ) ውፍረት ከነባሩ ጋር አንድ መሆን አለበት። በግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ ፓድ ማቀዝቀዣውን ከዋናው ቺፕ ያርቀዋል፤ ከመጀመሪያው የባሰ ሙቀት ያመጣል።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ካሬዎች ይታያሉ። ዊንዶውስ ሳይነሳ፣ በባዮስም አሉ።

መልስ፦ በባዮስ የዊንዶውስ ድራይቨር ስለማይሠራ ችግሩ ከሶፍትዌር አይደለም። ሌላ ኬብልና ሌላ የካርዱን መውጫ ይሞክሩ። ዊንዶውስ ከተነሳ የስክሪኑን ምስል (ስክሪንሾት) በኮምፒውተሩ አስቀርተው በስልክዎ ይክፈቱት፤ ካሬዎቹ በምስሉ ላይ ከሌሉ ጥርጣሬው ኬብሉ ወይም ሞኒተሩ ላይ ነው፤ ካሉ የካርዱ ሚሞሪ ነው። ኦሲሲቲ በተባለው ፕሮግራም የቪዲዮ ሚሞሪ ምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል። ካርዱን ምድጃ ውስጥ አስገቡት የሚለውን ምክር አይስሙ፤ ለጥቂት ቀን ቢነሳ እንኳ ተመልሶ ይወድቃል፤ ጭሱም ለጤና ጥሩ አይደለም። ዋስትና ካለው ይመልሱት፤ ከሌለው የሚሞሪ ቺፕ አንስቶ የሚተካ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ያሳዩት።