«8 ከመቶ ይዘናል፤ እንግዛ ወይስ እንጠብቅ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 4 ዓመታችን ነው። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን። የመጀመሪያ ቤታችንን ለመግዛት ስንቆጥብ ቆይተን አሁን የዋጋውን 8 ከመቶ ይዘናል። ባንኩ «20 ከመቶ ብታመጡ ጥሩ ነበር፤ በ10 ከመቶም ግን እናስተናግዳለን» አለን። ወንድሜ ደግሞ የጎደለውን ላበድራችሁ ብሏል። ባለቤቴ «ዛሬ ካልገዛን ዋጋው ያመልጠናል» ይላል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይመክሩናል?
እንቅልፍ ያጣችው

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ ማጣትሽን አልጠላሁትም። በብድር ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስሠራ የሚያሳስቡኝ ምንም ሳይጠይቁ ፈርመው የሚሄዱት ነበሩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያ 8 ከመቶ ሌላው ወጪ ሁሉ ተቀንሶ የቀረ ነው? የቤቱ ዋጋ ሌላ፣ ቤት ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ነው። የስም ማዛወሪያ አለ፣ ግብር አለ፣ የውልና የግምት ክፍያ አለ፣ ጓዝ ማጓጓዣ አለ። ባንኩ ብዙውን ጊዜ ለእነዚህ አያበድርም። ተደምረው ሲቀነሱ 8 ያላችሁት 5 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የራሴን ላጫውታችሁ። የመጀመሪያ ቤቴን ስገዛ 20 ከመቶ ለመሙላት ያለኝን ሁሉ አራገፍኩ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ አውቃለሁ ባይ ነኝ። ቁልፍ በተረከብኩ በ7ኛው ሳምንት የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ፈነዳ። እጄ ላይ ቤሳ አልነበረም። ከቤት ብድር ወለድ አተረፍኩ ብዬ ስኩራራ የነበርኩት ሰውዬ፣ ቧንቧ ለማሠራት እጥፍ ወለድ ያለው ብድር ወሰድኩ። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች። ስለዚህ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው 20 ከመቶ ከፍሎ ባዶ ኪስ ከሚቀር፣ 15 ከመቶ ከፍሎ የ3 ወር ወጪ ቢያስቀምጥ እመርጥለታለሁ።

ታዲያ ባንኮች ስለ 20 ከመቶ ለምን ይጨነቃሉ? እናንተ 10 ካመጣችሁ ባንኩ 90 ያበድራል። የቤቱ ዋጋ በ10 ከመቶ ቢወርድ ቤቱ ከብድሩ የሚተርፍ ነገር የለውም። ለዚህ ነው በብዙ አገር ከ20 ከመቶ በታች የሚያመጣ ገዢ የብድር ኢንሹራንስ የሚጠየቀው። ስሙ አያሳስታችሁ፦ ኢንሹራንሱ የሚጠብቀው ባንኩን ነው፣ ከፋዮቹ እናንተ። በ10 ከመቶ ለመግዛት ከወሰናችሁ ይህ ክፍያ ስንት እንደሆነና ዕዳው ሲቀንስ ይቆም እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ብዙዎችን የሚጥለው ግን ግምቱ ነው። ከሻጭ ጋር በ100 ተስማማችሁ እንበል። የባንኩ ገማች መጥቶ «ይህ ቤት 93 ነው» አለ። ባንኩ የሚያሰላው በ93 ነው። 80 ከመቶ ሲያበድራችሁ 74.4 ይደርሳችኋል። ከኪሳችሁ 20 ሳይሆን 25.6 ማምጣት አለባችሁ። ግምቱ ሳይወጣ ለሻጭ የማይመለስ ቀብድ የሰጠ ሰው እዚህ ላይ ነው ላብ የሚያጠምቀው።

ወደ ወንድምሽ እንምጣ። ደግ ወንድም ነው፣ ይባረክ። ግን ገንዘቡ ብድር ከሆነ ለእሱ በየወሩ የምትመልሱት በባንኩ ስሌት ዕዳ ነው፤ የምትበደሩትን መጠን ይቀንሳል። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ባንኩ «አይመለስም» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል። «ለባንኩ ስጦታ ነው እንበል፣ እኛ ግን በውስጥ እንተዋወቃለን» የሚባለውን ጨዋታ ተዉት። ባንኩን መዋሸት ነው። ሲበላሽ ደግሞ ወንድምሽ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

እናንተን የምመክራችሁ ልምምድ ነው። ባንኩ ወርሃዊ ክፍያችሁ ስንት እንደሚሆን ይንገራችሁ። ከዚያ ላይ አሁን የምትከፍሉትን ኪራይ ቀንሱ። ልዩነቱን ከመጪው ደመወዝ ጀምሮ፣ ደመወዝ በገባበት ዕለት፣ ካርድ ወደሌለው የቁጠባ ሒሳብ አስተላልፉ። ወር መጨረሻ ላይ የተረፈውን እንቆጥባለን ካላችሁ የሚተርፍ የለም፤ እኔ ዘንድ ተርፎ አያውቅም። ለ6 ወር እንደዚህ ኑሩ። ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነ ደግሞ ወለዱ በ2 ነጥብ ቢጨምር፣ ማለትም 6 ከመቶው 8 ቢሆን፣ በሚመጣው ክፍያ ተለማመዱ። በ30 ዓመት የሚከፈል የ100,000 ብድር በ6 ከመቶ ወለድ በወር 600 ገደማ ነው፣ በ8 ከመቶ 734። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከቻላችሁት ቅድመ ክፍያችሁም አድጓል፣ አቅማችሁንም አውቃችኋል። ካቃታችሁ ቤቱ እጃችሁ ሳይገባ አወቃችሁት። በእነዚህ 6 ወራት መኪናም ሆነ ስልክ በዱቤ አትግዙ። ገንዘቡንም አክሲዮን ላይ አትጣሉት፤ ቤት ልትገዙ ባሰባችሁበት ወር ዋጋው ወርዶ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ባለቤትሽ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ዋጋው ከቁጠባችሁ ፈጥኖ ከሮጠ መጠበቅም ያስከፍላል። ያን ጊዜ ብድሩን ከማሳበጥ ቤቱን አሳንሱት። በሲሶ የረከሰ ቤት ብትመርጡ ዛሬ 8 ከመቶ ያላችሁት ያው ገንዘብ 12 ከመቶ ይሆናል። አንድ ክፍል ቢጎድል ምን ይላል? የመጀመሪያ ቤት እንጂ የመጨረሻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባንኩ በ15 ወይም በ30 ዓመት ክፈል አለኝ። ገቢዬ አንዳንድ ወር ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ወር ይወርዳል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ያንኑ 100,000 በ6 ከመቶ ወለድ እንውሰድ። በ15 ዓመት ወርሃዊው 844 ገደማ፣ ጠቅላላው 152,000 አካባቢ ነው። በ30 ዓመት ወርሃዊው 600፣ ጠቅላላው ግን 216,000 ይጠጋል። የ30 ዓመቱን የመጀመሪያ ወር ብታይ ከ600ው 500ው ወለድ ነው። ዋናው ዕዳ የሚነካው በ100 ብቻ ነው።

ቢሆንም ገቢህ ከፍ ዝቅ ስለሚል እኔ ብሆን 30ውን ፈርሜ ጥሩ በሆነ ወር ጨምሬ እከፍላለሁ። የጨመርከው በቀጥታ ከዋናው ላይ እንዲቀነስልህ በጽሑፍ አሳውቅ። ከመፈረምህ በፊት ግን ውሉ ውስጥ ቀድሞ ለሚከፍል ቅጣት አለ ወይ ብለህ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ከኋላ ገጾች ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው የምታገኘው።